ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ

መስከረም 14

ለምወድሽ አክስቴ፣

ይህ ወረቀት አንቺንም ሚጣንም በደህና ያግኛችሁ። ድካምሽንም ትንሽ ያቅልልሽ። እኛ እንዳለን አለን። እማማ ደህና ናቸው፣ እኔም ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው፤ የጓዳው ግድግዳ ብቻ እርጥበት አስገብቷል።

ባለፈው ሱቁ ስትደውዪ በደንብ ስላላናገርኩሽ ቅር እንዳይልሽ። ስልኩ ባንኮኒው ላይ ነው ያለው። ባለሱቁ ሸቀጥ የሚደረድር መስሎ ጆሮውን ይሰጣል፤ ሳሙና ሊገዛ የመጣ ሰውም ቆሞ ይሰማል። ያኔ ምላሴ ይተሳሰራል። እማማ "አንቺ ስልክ ስታነሺ ሰው የሞተብሽ ነው የሚመስለው" ይሉኛል። በወረቀት ግን እችላለሁ።

እማማ ይህን ጻፊላት አሉኝ። ቃል በቃል ነው የምጽፈው፦

"ልጄ፣ ነይልኝ ስላልሽኝ ደስ ብሎኛል። የልጅ ልጄን ታቅፌ ብውል አልጠላም። ነገር ግን ጉልበቴን ያመኛል። ከሆስፒታሉ ላውንደሪ በጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ነው የጀመረኝ። ያን ሁሉ ዓመት ያቆመኝ ጉልበት ዕረፍት ሲያይ ለገመ። ሻል ሲለኝ እንነጋገራለን። እስከዚያ ልጅሽን የምትይዝልሽን ሴትዮ አትልቀቂያት።"

የኔ ሥራ ያው ነው። የደንብ ልብስ መስፊያው ቤት ውስጥ ቁልፍ እተክላለሁ። ከትልቁ መስኮት አጠገብ ስለምቀመጥ ብርሃን አለኝ። አሠሪዬ አንዳንዴ መኖሬን ትረሳና በላዬ ላይ በሩን ልትቆልፍ ትሞክራለች።

ጽፌ ስጨርስ ለእማማ አነበብኩላቸው። የታተመ ነገር ያነባሉ እንጂ የእጅ ጽሑፍ ዓይናቸው አይለይላቸውም። "ጉልበቴን የሚለው ላይ 'በጣም' ጨምሪበት" አሉኝ። እዚያ ቦታ ስላልነበረ እዚህ ጻፍኩት። በጣም ያማቸዋል።

የእህትሽ ልጅ

ጥቅምት 22

ለጭምቷ፣ በጭምቷም አፍ ለእማዬ፣

ሰላምታዬ ብዙ ነው፤ ጊዜዬ ግን አጭር ስለሆነ ያላልኩትን እንዳልኩት ቁጠሩልኝ። ይህን የምጽፈው በምሳ ዕረፍት፣ ሠራተኞች ልብስ የምንቀይርበት ክፍል አግዳሚ ላይ ሆኜ ነው። ጫማዬን አውልቄያለሁ። መልሼ ማጥለቁን ሳስበው ይደክመኛል።

እማዬ፣ ስለ ጉልበትሽ። አረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ጉልበት ሳሽ ነው የምውለው። ወንበር ላይ ተቀመጪና እግርሽን ቀጥ አድርገሽ አንሺው። እስኪደክምሽ ያዢው፤ ከዚያ ቀስ አድርገሽ አውርጂው። ሁለቱንም እግር። ግን ልንገርሽ፣ አንቺ "ጉልበቴን" ስትዪ ሰምቼ አላውቅም። ያኔ ላውንደሪው ውስጥ ወድቀሽ በቃሬዛ ሲያወጡሽ እንኳ "ወለሉ ነው እንጂ እኔ ደህና ነኝ" ትዪ ነበር።

ሚጣን የምትይዝልኝ ሴትዮ የዚህ አገር ክረምት ሲወጣ ልጇ ጋ ልትገባ ነው። ሌላ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። የሚጣ አባት ሥራው ርቆበታል፤ ብዙ አይገኝም። ስለዚህ ፎርሙን በዚሁ ፖስታ ልኬዋለሁ። በቀይ ምልክት ያደረግኩበት ላይ ፈርሚና ሁለት ፎቶግራፍ ጨምሪበት። እዚህ ስትመጪ ሥራ የለብሽም። ከሚጣ ጋር ቤት መዋል ብቻ ነው።

ጭምቷ፣ ስለ አንቺም ከአጎትሽ ጋር ተነጋግረናል። እማዬ ስትመጣ እሱ ቤት ትገቢያለሽ። ከልጆቹ ጋር የምትሆኚበት ክፍል አለ።

ጠሩኝ። ፈጣሪ ያቆያችሁ።

አክስትሽ

ህዳር 9

ለምወድሽ አክስቴ፣

ሰላምና ጤና ከናንተ አይለይ። ዕረፍትም ያስገኝልሽ።

እማማ ይህን ጻፊ አሉኝ፦ "ልጄ፣ ያልሽኝን እየሠራሁ ነው፤ እግሬን አነሳለሁ፣ አወርዳለሁ። ጉልበቴ ሻል ብሎታል። አሁን ደግሞ ወገቤ ነው። ፎርሙ ደርሶኛል። ልፈርም ስል ብዕሩ አልጽፍ አለኝ። ሌላ ብዕር ሲገኝ እፈርማለሁ።"

የሳቸው እዚህ ላይ አለቀ።

ይህ ሁለተኛው ወረቀት የኔ ነው። እማማ መኖሩን አያውቁም። ቤት ውስጥ ብዕር ሞልቷል፤ ይኸው እኔ የምጽፍበት አለ። ፎቶግራፍም ተነስተዋል። የተነሱት ግን ለፎርሙ አይደለም፤ ለመንጃ ፈቃድ ነው።

አክስቴ፣ እማማ መኪና እየተማሩ ነው።

እንዲህ ነው የሆነው። ከኛ ሰፈር ጀርባ መዋዕለ ሕፃናት አለ። የሚኒባሱ ሹፌር አርጅቷል፤ የትምህርቱ ዓመት ሲያልቅ እተዋለሁ ብሏል። ዳይሬክተሯ አንድ ቀን እማማን መንገድ ላይ አግኝታ "ወላጆች ሴት ሹፌር ቢሆን ይወዱ ነበር። እርስዎ መንዳት ቢችሉ ኖሮ እርስዎን እቀጥር ነበር" አለቻቸው። የሳቅ ወሬ ነበር። እማማ ግን አልሳቁም። "ባልችልስ፣ መማር አይቻልም?" አሏት። በሳምንቱ ማሠልጠኛው ገቡ፤ የከፈሉትም ከራሳቸው ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያቸው እሄዳለሁ። አጥሩ ጋ ቆሜ ቦርሳቸውን እይዛለሁ። አሠልጣኙ ወጣት ልጅ ነው። ቀኑን ሙሉ "ቀስ፣ ቀስ" ስለሚል ተማሪዎቹ ቀስታ ብለውታል። እማማን ማዘር ነው የሚላቸው።

ችግሩ ግራ እግራቸው ነው። ላውንደሪው ውስጥ ቦታቸው መተኮሻው ማሽን እንደነበር አንቺም ታውቂያለሽ። አንሶላው ይዘረጋል፣ ፔዳሉ በግራ እግር ይረገጣል፣ ብረቱ ይወርዳል፤ እንፋሎቱ ሲወጣ ደግሞ እግር ባንዴ ይነሳል። ቀስ ብሎ ካነሱት አንሶላው ያርራል። የመኪናው ፍሪሲዮንም በዚያው በግራ እግር ነው የሚረገጠው፤ መለቀቅ ያለበት ግን ቀስ ተብሎ ነው። የእማማ እግር ይህን አልሰማ አለ። እንፋሎት የወጣ ይመስል ባንዴ ይነሳል። መኪናው እንደ ፍየል ይዘላል፤ ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል።

ተራ የሚጠብቁት ልጆች ይስቃሉ። አንዱ "ማዘር፣ መኪናውን አስተኙት እንዴ?" አላቸው። እማማ በመስኮት አንገታቸውን አወጡና "አንተን ያስተኛችህም እንደኔ ደክሟት ነበር" አሉት። ከዚያ ወዲህ ያ ልጅ ወንበር ያመጣላቸዋል።

ወደ ቤት ስንመለስ "እማማ፣ ለምንድን ነው ግን?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ዕድሜዬን ቆሜ ጨረስኩት። አሁን ተቀምጬ የምሠራው ሥራ ፈለግኩ" አሉኝ። "ቁልፍ መትከልም እኮ ተቀምጦ ነው" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "እሱ ቦታ አይለውጥም" አሉኝ።

እባክሽ አልነገረችኝም በዪ።

የእህትሽ ልጅ

ታህሳስ 25

ለእማዬ፣

ጭምቷ፣ ይህን ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

እማዬ፣ ጉልበትሽም ወገብሽም ጤና እንደሆነ ሰምቻለሁ። መኪና እየተማርሽ እንደሆነ ጭምቷ ጽፋልኛለች። መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩና ሚጣ ጭኔ ላይ ተኝታ፣ ክንዴ ደንዝዞ፣ ሳቄ ጠፋ።

በዚህ ዕድሜሽ የሰው ልጅ ጭነሽ ልትነጂ ነው? አንድ ነገር ብትሆኚስ? አንድ ልጅ አንድ ነገር ቢሆንብሽስ? እኔ እዚህ ለልጄ ሰው አጥቼ እየለመንኩ፣ አንቺ እዚያ የሰው ልጆች ልታመላልሺ ነው።

አልመጣም ብትዪኝ ይሻለኝ ነበር። ብዕር አልጽፍ አለኝ ከምትዪኝ።

ሌላ የምለው የለኝም። ደክሞኛል።

ልጅሽ

ጥር 19

ለምወድሽ አክስቴ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለሚጣ። ቁጣሽ በርዶ ከሆነ ይህን አንብቢው፤ ካልበረደም አስቀምጪውና ሲበርድልሽ አንብቢው።

ደብዳቤሽን እንዳልሽው ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። "ጭምቷ ጽፋልኛለች" የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ።

"ምነው? ቀጥይ እንጂ" አሉኝ።

"እዚህ ላይ ቀለሙ ፈስሷል" አልኳቸው።

እማማ መነጽራቸውን አወለቁ። "ቀለሙ አይደለም የፈሰሰው፣ አንቺ ነሽ" አሉኝ። አልተቆጡም። መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጠራረጉና "በይ የቀረውን አንብቢ" አሉኝ። ጨርሼ ሳያቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው እርጥበቱን ያዩ ነበር። ከዚያ ጻፊ አሉኝ። ቃል በቃል ነው፦

"ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ። አልመጣም የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነው። አራታችሁን ሳሳድግ ቆሜ ነበር። እናንተን ስጨርስ ይችን ጭምት ያዝኩ። እሷ እንኳ አላስቸገረችኝም፤ መኖሯን የማውቀው ስታስነጥስ ነው። ሚጣን ጠልቼም አይደለም። ግን እዚያ ብመጣ፣ ሰውም ቋንቋም የማላውቅበት አገር በር ዘግቼ ነው የምቀመጠው። አንቺ ሥራ ነሽ፣ እሷ ታድጋለች፣ እኔ መስኮት ላይ አልቃለሁ። የቀረኝ ዕድሜ ስንት እንደሆነ አላውቅም። ትንሹን እንኳ ለራሴ ላድርገው አልኩ። ይኸው ነው። እናትሽ ክፉ ሆና አይደለም።"

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ይህን እንድጽፍ አልተባልኩም። ባለፈው ሳምንት የመንዳት ፈተና ነበረባቸው፤ ወደቁ። ዳገት ላይ አቁመው ሲነሱ ሞተሩ ጠፋ፤ መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ምልክቱን ገጨው። ፈታኙ ምንም ሳይናገር ወረዱ። ቤት ስንገባ ከሰዓት በፊት ተኙ። እማማ ቀን ተኝተው አላየሁም ነበር።

እኔን በተመለከተ አትጨነቂ። እኔ የትም እሆናለሁ።

የእህትሽ ልጅ

መጋቢት 10

ለምወድሽ አክስቴ፣

መልስ አልደረሰኝም። ፖስታ ቤት ስሄድ ሠራተኛው ገና ከበሩ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል፤ እኔም እንዳልደክም ብሎ ነው መሰለኝ። ታመሽ እንዳይሆን ብዬ ፈራሁ። አምላክ አንቺንም ሚጣንም ይጠብቅልን።

እማማ ለሁለተኛ ጊዜ ተፈትነው እንደገና ወደቁ። አሠልጣኙ ቀስታ "ማዘር፣ ዳገቱን ተዉት፤ አውቶማቲክ መኪና የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ" ብሏቸው ነበር። "ሚኒባሱ አውቶማቲክ ነው?" አሉት። አይደለም። "እንግዲያው ሌላ ነገር አታውራኝ" አሉት። ዳይሬክተሯ እስከ ክረምት እጠብቃለሁ ብላለች።

አሁን ቤት ውስጥ እንለማመዳለን። እሳቸው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እኔ መሬት ላይ ቁጭ እልና መዳፌን ከግራ እግራቸው ሥር አደርጋለሁ። ይረግጡኛል፤ ከዚያ ቀስ ብለው ይለቃሉ። ክብደቱ ከመዳፌ ላይ ሲቀንስ እኔ "እዚህ ጋ ያዙት" እላለሁ። እዚያ ጋ ነው ሞተሩ የሚይዘው። መጀመሪያ መጀመሪያ እጄ ይቀላ ነበር፤ ቁልፍ ስተክል መርፌው አልያዝ ይለኝ ነበር። አሁን አይቀላም። "ለመሆኑ ያምሻል?" ብለው ሲጠይቁኝ አላመመኝም እላለሁ፤ አሁን እውነቴን ነው።

አክስቴ፣ አንቺ ሳትጠይቂኝ የምጽፈው ነገር አለ። ስትደውዪ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ብለሽኝ ታውቂያለሽ፤ እኔም ምንም ብዬሻለሁ። የምለው ግን ነበረኝ። እማማ እንዳይሄዱ ነበር የምፈልገው። አጎቴ ቤት መሄድ አልፈልግም። እዚያ ቤት ሁሉም ባንድ ላይ ነው የሚያወራው፤ እኔ መግቢያ አላገኝም። እማማ ፈተና ሲወድቁ ከሳቸው እኩል አለቀስኩ፤ ግማሹ ለራሴ ነበር። አንቺ እዚያ ብቻሽን እንደሆንሽ አውቃለሁ። ሁለቱንም አውቃለሁ፤ ምን እንደማደርገው ግን አላውቅም።

ይህን ካነበብሽ በኋላ ቀድደሽ ብትጥዪው ደስ ይለኛል። መልስ ግን ጻፊልኝ።

የእህትሽ ልጅ

ሚያዝያ 28

ለጭምቷ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዝም ያልኩት ተናድጄ ብቻ አይደለም። የምጽፈው ነገር አልጻፍ ብሎኝ ነው። አሁን ያለውን ልጻፈው።

የሚጣ አባት ሥራው አልራቀበትም። ሄዷል። የሄደውም እማዬን ነይልኝ ከማለቴ በፊት ነው። እዚያ እንዳታስቡ ብዬ ነው የደበቅኩት። የእናቴን ውሸት ስቆጣ የራሴ ጉሮሮዬ ላይ ነበር።

ሴትዮዋም ሄደች። ሌላ ሰው ሞከርኩ፤ አንዷ ሳምንት ሳይሞላት ቀረች። ከዚያ ሚጣን ሥራ ይዣት መሄድ ጀመርኩ። አንሶላ የሚደረደርበት ክፍል አለ፤ ከማድረቂያው ማሽን ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ይሞቃል። እዚያ አስቀምጣታለሁ። "ድምፅ እንዳታሰሚ" እላታለሁ፤ አታሰማም። አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ ድምፅ አላሰማ ስትል ምን እንደሚሰማ አንቺ ታውቂዋለሽ። እኔም ልጅ ሆኜ እማዬ ላውንደሪ ውስጥ እንደዚያው ነበርኩ። የትኩስ አንሶላ ሽታ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይመጣብኛል።

አለቃዬ ባለፈው አገኛት። ክፉ ሴት አይደለችም። "ዛሬ አላየሁም፤ ነገ ግን አያለሁ" አለችኝ።

ምንም እየጠየቅኳችሁ አይደለም። ለእማዬ ማንበብ ብትፈልጊ አንብቢላት፤ ባትፈልጊም ተይው። ዳገቱን አለፈች ወይ?

ደብዳቤሽን አልቀደድኩትም።

አክስትሽ

ግንቦት 20

ለምወድሽ አክስቴ፣

ሰላምታችን ይድረስሽ። ዛሬ የምጽፈው ረጅም አይደለም፤ ፖስታውን ቶሎ ማስገባት አለብኝ።

አነበብኩላቸው። ሁሉንም። እማማ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ "ቤቷ ፎቅ ላይ ነው ብለሽኝ ነበር አይደል?" አሉ። አዎ አልኳቸው። "ሊፍት አለው?" አሉኝ። አላለችም አልኳቸው። "ልጅ ታቅፋ ነው የምትወጣው ማለት ነው" አሉ። ተነስተው ፎርሙን ከመሳቢያው አወጡና ቀዩ ምልክት ላይ ፈረሙ። ይኸው ከዚህ ጋር አለ። ለመንጃ ፈቃዱ ከተነሱት ፎቶግራፍ የተረፈውን ሁለቱን ጨምሬዋለሁ። በፎቶው ላይ የተቆጡ ይመስላሉ፤ ግን አልተቆጡም።

"መጣሁ ብለሽ ጻፊላት" አሉኝ። መጡ ብዬ ጽፌያለሁ።

ሦስተኛው ፈተና በማግስቱ ነበር። ይቀራሉ ብዬ አስቤ ነበር። "የተመዘገብኩበትን አልተውም" ብለው ሄዱ። ዳገቱ ላይ ቆሙ። እኔ አጥሩ ጋ ሆኜ ሳላውቀው መዳፌን ዘርግቼ ነበር። መኪናው ወደ ኋላ አንዲት ጣት አልሄደም፤ ቀስ ብሎ ወጣ። ፈታኙ "ማዘር፣ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?" አላቸው። "ቆሜ" አሉት።

አልፈዋል። ቀስታ ሊያቅፋቸው መጣ፤ ያ ወንበር የሚያመጣላቸው ልጅም መጣ። እማማ ግን ፊታቸው አልፈታም። ቤት ስንገባ ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ፣ ፎርሙ የነበረበት ቦታ አስቀመጡት። ለዳይሬክተሯ ሌላ ሰው ፈልጊ በያት ብለውኛል። እኔ ገና አልነገርኳትም። ነገ እነግራታለሁ።

የእህትሽ ልጅ

ሰኔ 24

ለእማዬ፣ ለጭምቷም፣

ሁለታችሁንም በደህና ያግኛችሁ።

ጭምቷ፣ ለዳይሬክተሯ ካልነገርሻት አትንገሪያት። ነግረሻት ከሆነ ሄደሽ መልሰሽ ንገሪያት። አንቺ ሰው ማናገር እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፤ ግን ሂጂ።

እማዬ፣ ፎርሙ ደርሶኛል። ፊርማሽን አየሁት። ላውንደሪው ውስጥ ደሞዝ ስትቀበዪ እንደምትፈርሚው ነው፤ እጅን ጫን አድርጎ፣ ቶሎ። አላስገባሁትም።

እዚህ መጦሪያው ውስጥ አንድ እናት አሉ። ልጃቸው ከሩቅ አገር ነው ያመጣቸው፤ የልጅ ልጆች እንዲያሳድጉለት። አሳደጉ። ልጆቹ አደጉና ቤቱ ጠበበ፤ እሳቸው እዚህ ገቡ። ቋንቋቸውን የሚሰማ ሰው የለም። ሳጥባቸው በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ይሉኛል፤ ሁልጊዜ ያው ነገር ነው። እኔ "እሺ" እላቸዋለሁ። ምን እያሉኝ እንደሆነ አላውቅም። "እኔ መስኮት ላይ አልቃለሁ" ያልሽው ሲነበብልኝ... አይ፣ እኔው ነኝ ያነበብኩት፤ በጭምቷ እጅ ስለሆነ በሷ ድምፅ ሰማሁት። እሳቸውን ሳጥብ ነው ትዝ ያለኝ። አንቺን እንደዚያ ማድረግ አልችልም።

ግን እኔም መቆም አለብኝ። ስለዚህ ሚጣን እልካታለሁ። አብራኝ የምትሠራ ሴት ነሐሴ ውስጥ ለዕረፍት ስትመጣ ይዛት ትመጣለች። ለዓመት ነው ብያለሁ። ዓመት እንደሚሆን እግዜር ይወቅ። ከመዋዕለ ሕፃናቱ ጋር ተነጋገሩና ከሌሎቹ ልጆች ጋር ትመዝገብ። ጠዋት ሚኒባሱ ውስጥ ትጫን፣ ከሰዓት በሚኒባሱ ትመለስ። አንቺ ንጂ እንጂ ቤት እንድትቀመጪላት አልጠይቅሽም።

ጭምቷ፣ ያንቺን ነገር እንዲህ አድርጊ፤ አጎትሽ ቤት የሚባለውን እርሺው። አንቺን ሳልጠይቅ ነበር የወሰንኩት። ሚጣ ስታኮርፍ አታባብሏት። ዝም ብላችሁ አጠገቧ ሁኑ። ለዚህ ካንቺ የተሻለ ሰው አላውቅም። ጸጥ ያለ ቤት ውስጥ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ አውቶቡስ ለምዳ ነው። አንዳንድ ቃል አማርኛው ይጠፋባታል፤ ስትፈልገው ጠብቋት።

ለሷ አልነገርኳትም። እንዴት እንደምነግራት እያሰብኩ ነው። ልብሷን እየቆጠብኩ አጥባለሁ፤ ሽታዋ ከቤቱ ቶሎ እንዳይወጣ።

ፈጣሪ ለሁላችንም አቅም ይስጠን።

ልጅሽ፣ አክስትሽ

ጥቅምት 3

ለምወድሽ አክስቴ፣

ለሚጣ እናት ሰላም እንላለን። ሦስታችንም ደህና ነን። ሦስታችን ብዬ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

እማማ በስልክ እንደነገሩሽ ሚጣ በደህና ደርሳለች። በስልክ ያልነገሩሽን ደግሞ እኔ ልጻፍልሽ፤ እንዳትደብቂኝ ብለሻል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አላወራችም። ጫማዋን አላወልቅም አለች፤ በጫማዋ ተኛች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ቁልፍ ስተክል ዋልኩ፤ ከመስፊያው ቤት ሥራ ይዤ መጥቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን ይሁን በአራተኛው የወደቀ ቁልፍ አንስታ ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ታቀብለኛለች። ቀለሙን እሷ ናት የምትመርጠው፤ አሠሪዬ እስካሁን አላወቀችም።

እማማ ሥራ ጀምረዋል። ጠዋት ከቤት ሲወጡ ጸጉራቸውን ያሥራሉ፣ መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ይጠርጋሉ። ሚጣን ከኋላቸው ባለው ወንበር ላይ ያስቀምጧታል። ልጆቹ መጀመሪያ ይጮሁ ነበር። እማማ ሞተሩን አጠፉና ዞረው "እኔ ጊዜ አለኝ፤ እስክትጨርሱ እጠብቃለሁ" አሏቸው። አሁን እማማ መስታወቱን ሲነኩ ዝም ይላሉ። የአንዱ ልጅ አባት "ሴትዮዋ ቀስ ነው የሚነዱት፤ ሥራ እያስረፈዱኝ ነው" ብሎ ለዳይሬክተሯ ከሷቸዋል። እናቶቹ ደግሞ እንዳይቀየሩ ብለዋል።

ሥራው ተቀምጦ የሚሠራ ቢሆንም ይደክማቸዋል። ሲመለሱ ሚኒባሱን ግቢ ውስጥ አቁመው ወዲያው አይወርዱም። መሪው ላይ እጃቸውን አድርገው ይቆያሉ። "ወገብዎን ነው?" ስላቸው "አይ፣ ዓይኔ ነው። ሁሉንም ሳይ ነው የምውለው" ይሉኛል። እናትሽ ደስተኛ ናቸው ብዬ ልጽፍልሽ ፈልጌ ነበር። ቃሉ ልክ አልሆነልኝም። ሚጣ ማታ ማታ አንቺን ስትጠራ እሳቸው ናቸው ቀድመው የሚነሱት፤ ከዚያ ሁለቱ ናቸው ጠዋት ቀድመው የሚወጡት። ሲመሻሽ ሁለቱም ቁጭ ባሉበት ይተኛሉ። እኔ ብርድ ልብስ አለብሳቸዋለሁ።

ትናንት ዓርብ ስለነበር እኔም ቶሎ ወጥቼ ከመዋዕለ ሕፃናቱ አብሬያቸው ተሳፈርኩ። ልጆቹ ሁሉ ወርደው ሦስታችን ብቻ ቀረን። ሚጣ ተኝታለች ብለን ነበር። አልተኛችም።

"እማማ" አለች።

"አቤት።"

"ይሄ መኪና እማዬ ጋ ይሄዳል?"

እማማ ቀይ መብራት ላይ አቆሙ። "አይሄድም፣ ሚጣዬ። መንጃ ፈቃዴ እዚህ ብቻ ነው የሚሠራው" አሏት።

ሚጣ ቃሉን ፈለገችው። ጠበቅናት። "ሌላ አውጪ" አለች።

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባ እስኪነፋብን ድረስ እማማ በመስታወቱ ሲያዩዋት ነበር። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ለቀቁና ሄድን። ዛሬ ይህን ስጽፍ ከጓዳ ሆነው "እዚያ አገር በቀኝ ነው የሚነዱት ወይስ በግራ? ጠይቂያት" አሉኝ።

በየት በኩል ነው የሚነዱት?

የእህትሽ ልጅ